ጽናት ሲለካ ሸክሙም ይለካ!

ከሬድውድ ሲቲ፣ ካሊፎርኒያ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አበው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የመንፈስ ጽናት፣ ማለትም መከራን ተቋቁሞ ዳግም የመነሣት ብቃታቸውን፣ በመጠይቅ ለመለካት የሚነሡ ምሁራን ይህን አባባል ቢያስቡት እንዴት በወደድን! ሸክሙ ምን ያህል እንደ ሆነና ስንት ሰው እንደ ተጋራው ሳይጠይቁ የተሸካሚውን ጉልበት ብቻ መመዘን ፍትሐዊ ሚዛን ሊባል አይችልምና።

በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው መለኪያዎች አንዱ፣ ኮነርና ዴቪድሰን የተባሉ የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ነው። 25 ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ መላሹ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ100 ይያዛል። ጥቅሙን አንክድም። ዳሩ ግን ከ25ቱ አንዱ፣ መላ በጠፋ ጊዜ ዕጣ ፈንታ ወይም አምላክ ሊረዳ ይችላል የሚል ሐሳብ የያዘ ነው። ዕጣ ፈንታና ፈጣሪ በአንድ ከረጢት! ውዳሴ ማርያም ደግማ ወይም ሱብሒ ሰግዳ ወደ ፈተና አዳራሽ የምትገባ ተማሪ ለዚህ ስንት ነጥብ ትስጥ?

የቃላችንም ጣጣ አለ። በአማርኛ «ቻለው» ስንል ሁለት ነገር እንላለን፤ አንድም ድል ነሣው፣ አንድም ውጦት ዝም አለ። ቁስሉ የዳነለት ተማሪና «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የተቀመጠ ተማሪ በወረቀቱ ላይ እኩል ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ። በኢሕአዴግ ዘመን በየግቢው በ«1 ለ 5» ሲጠረነፍ የኖረ ትውልድ ደግሞ መጠይቅ ሲቀርብለት አስቀድሞ የሚያስበው «ይህን ማን ያየዋል?» ብሎ ነው። ፍርሃት የሞላውን ወረቀት ጽናት ብለን ልናነበው አይገባም።

በካናዳ የዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ ምሁር የሆኑት ማይክል ኡንጋር ይህን ጉድለት አይተውታል። ከባልደረቦቻቸው ጋር በ11 አገሮች፣ በ14 ማኅበረሰቦች ውስጥ ጥናት አካሂደው ያዘጋጁት ባለ 28 ጥያቄ መለኪያ፣ ከወጣቱ ጠባይ አልፎ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ እምነቱና ስለ ማኅበረሰቡ ወግ ይጠይቃል። ጽናት በልብ ጥንካሬ ብቻ እንደማይገኝ፣ አካባቢው በሚሰጠውና በሚነፍገውም እንደሚወሰን ያስተምሩናል። ጋምቢያና ታንዛኒያ በጥናቱ ተካተዋል፤ ኢትዮጵያ ግን አልነበረችበትም።

የእኛ ተማሪ የተሸከመውስ ምንድን ነው? በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ፣ ማኅበራችን ይፈቀድ ባሉ ጊዜ ምላሹ ዱላና ጥይት ሆነ፤ ብዙዎች ታሰሩ፣ ኬንያ የገቡም ነበሩ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ታገቱ። በ2013 ዓ.ም. ትግራይ ላይ ጦርነት ሲፈነዳ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተቋረጠ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ደግሞ አብዛኞቹ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩ ከ100 በላይ መንገደኞች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታግተው፣ ወላጆች ማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠየቁ።

እንበልና ከዚህ ሁሉ የተረፈች አንዲት ተማሪ ከ100 ነጥብ 80 አገኘች። ያ 80 የማን ነው? የእርሷ ብቻ ነውን? ገንዘብ ለማዋጣት የሚሯሯጠው ዘመድ፣ ሌሊት አብራት የምታነባው የዶርም ጓደኛዋ፣ ግቢ ጉባኤው፣ ጀመዓው የት ተመዘገቡ? ከሁሉ የሚያስፈራን ደግሞ ሌላ ነው። መንገዱን መጠበቅ የተሳነው መንግሥት ይህን ቁጥር አንሥቶ «ወጣታችን ጽኑ ነው» ሲል፣ የእርሱ ዕዳ የተማሪዋ ምስጋና ሆኖ ይመዘገባል። ዕዳውም በዚያው ይረሳል።

በስደት ያለነውም ከዚህ ነጻ አይደለንም። እዚህ ሬድውድ ሲቲ እንዳለው ካኛዳ ኮሌጅ ባሉ የሁለት ዓመት ኮሌጆች እየተማረ፣ ሌሊት እየሠራ ለእናቱ ገንዘብ የሚልክ ወጣት ስናይ «ኢትዮጵያዊ እኮ ቻይ ነው!» ብለን እንኮራለን። ያ ገንዘብ ሸክሙም ብርታቱም ነው፤ ስለ ግል ዓላማው ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ ሁለቱንም አያያቸውም። እኛም አመስግነነው እናልፋለን እንጂ እንቅልፍህስ እንዴት ነው ብለን አንጠይቀውም።

ስለዚህ አገር ቤትም ሆነ በውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን ተመራማሪዎች፣ ከነጥቡ ጋር ሦስት ጥያቄዎችን እንድትጨምሩ እንማጸናለን። ምን ተሸከምክ? ከማን ጋር ተሸከምከው? ለመሸከም ስትል ምን አጣህ? ጥያቄው ተማሪው በሚያልምበት ቋንቋ ይቅረብ፤ መልሱም ከካድሬ ዓይን ይጠበቅ። ያን ጊዜ መለኪያው የተማሪውን ልብ ብቻ ሳይሆን የተጠያቂዎቹንም ዕዳ ይናገራል።

ቸር ይግጠመን።