የተለወጠ ሞተር ሽያጭና የነጋዴ ታማኝነት

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ሊማሊሞ ሲደርስ የሚነዳው ሞተር እውነተኛ ጠባይ ይገለጽለታል። በጠላት ወረራ ዘመን ከገደሉ ላይ ተፈልፍሎ የወጣው ይህ ጠመዝማዛ መንገድ፥ ሻጭ በቃሉ የሸፈነውን ሁሉ የሚያጋልጥ መርማሪ ነውና።

አንድ ገዢ ሞቶ ጉዚ ፋልኮኔ የተባለውንና በጣልያን አገር ከ1950 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ይሠራ የነበረውን ሞተር ብስክሌት «ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው» ተብሎ ገዛ እንበል። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር የሰጠው የሲሊንደር ስፋት 88 ሚሊሜትር፥ የፒስቶኑ ምልልስ 82 ሚሊሜትር፥ ይዞታውም 498 ሲሲ ነው። ሞተሩ ተፈትቶ ሲታይ ግን ሲሊንደሩ ተቦርቡሮ 89 ሚሊሜትር ሆኖ ይገኛል፤ ይዞታውም ወደ 510 ሲሲ ከፍ ብሏል፤ ካርቡራቶሩም የሌላ ሞተር ነው። ባለሱቁ በሞዴሉ ስም ያስመጣው ፒስቶን በሰፋው ሲሊንደር ውስጥ ስለሚወዛወዝ አይሠራም። ለዕቃው የወጣው ገንዘብ በመደርደሪያ ላይ ታስሮ ይቀራል ማለት ነው።

ይህ ሲባል ሞተርን መለወጥ ነውር ነው ማለት አይደለም። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ብልህ መካኒክ በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ ቢያጠብ የተገባ ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን ይህንን ያላወቀ ገዢ ሊማሊሞን ወርዶ፥ ዛሪማን አልፎ በቆላው መንገድ በሙሉ ኃይል ሲነዳ፥ አየሩ ስለሚበዛና ቤንዚኑ ስለሚያንስ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ፒስቶኑም በሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ለደጋ የበጀው ለውጥ ስላልተነገረ ብቻ በቆላ ጥፋት ሆነ።

ሻጩ «ሁሉን ብናገር ዋጋዬ ይወድቃል» ይል ይሆናል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት እንዳለችው መሆኑ ነው። አሮጌ መኪናና ሞተር የሚሰበስብ ሰው ያልተነካውን አስበልጦ ይገዛል፤ ዳገት ለመውጣት የሚፈልግ ደግሞ በሚገባ ለተለወጠው ዋጋ አይነፍግም። የታወቀ ለውጥ ዋጋ አለው፤ የተደበቀ ለውጥ ግን ክርክር ያስነሣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ዋስ ነው ይላል፤ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዛል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፥ በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌ ሞተሮች እየተጠገኑ ብዙ ዘመን እንደሚያገለግሉ የታመነ ነው። ስለዚህ ነጋዴዎች በሽያጭ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር መጻፍን ልማድ ቢያደርጉ ይጠቀማሉ፤ ይኸውም የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር መስማማቱን፥ የሲሊንደሩንና የፒስቶኑን ልክ፥ እንዲሁም የተለወጡትን ዕቃዎች ዓይነት ነው። ይህን ለመጻፍ አንድ ገጽ ይበቃል፤ የጠፋ የደንበኛ እምነት ግን በብዙ ገንዘብም አይመለስም።