መለኪያው ያልተነገረ ቁጥር፦ በጎማ ሽፋን ላይ የሚነሡ የፓተንት ክርክሮች

ከሰው ሠራሽ ጎማና ከለስላሳ ፕላስቲክ በትል ወይም በትንሽ ዓሣ መልክ የሚሠሩ የዓሣ ማባበያዎች ርካሽ ዕቃዎች ናቸው። በላያቸው የሚቀባው ስስ ሽፋን ግን የረጅም ምርምር ውጤት ሊሆን ይችላል። ሽፋኑ ቀለሙን መጠበቅ፣ ሽታውን በውኃ ውስጥ ቀስ በቀስ መልቀቅ፣ ጎማው ሲለጠጥም አብሮ መለጠጥ ይጠበቅበታል። ይህን የመሰለ ሥራ በፓተንት ቢጠበቅ ተገቢ ነው። ጥበቃው የሚጸናው ግን የይገባኛል ጥያቄው የመብቱን ድንበር በግልጽ ሲያሰምር ብቻ ነው።

«የማይሰነጠቅ» ወይም «አጥብቆ የሚይዝ» የሚለው አገላለጽ ድንበር አያሰምርም። በሙቀት ቀስ ተብሎ ሲሳብ የማይሰነጠቅ ሽፋን፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በፍጥነት ሲሳብ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለስላሳ ፒቪሲ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ኬሚካል ከጊዜ ብዛት ወደ ገጽ ስለሚወጣም፣ በተመረተበት ቀን የተለካው የሽፋኑ አያያዝ ከወራት በኋላ ላይገኝ ይችላል።

ቁጥር መጨመርም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ለዚህ የአሜሪካው የዳው ኬሚካልና የኖቫ ኬሚካልስ ክርክር ምስክር ነው። የዳው ፓተንት ለፕላስቲኩ የመለጠጥ ጥንካሬ 1.3 እና ከዚያ በላይ የሆነ መጠን ቢያስቀምጥም፣ መጠኑ በየትኛው ስልት እንደሚሰላ አልገለጸም ነበር። ስልቶቹ ደግሞ የተለያየ ውጤት ይሰጡ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በናውቲለስና በባዮሲግ ክርክር፣ የይገባኛል ጥያቄ ለሙያው ሰው የፈጠራውን ወሰን «በምክንያታዊ እርግጠኝነት» ማሳወቅ እንዳለበት ወሰነ። ቀደም ሲል የዳውን ፓተንት አጽንቶ የነበረው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2015 በዚሁ መመዘኛ የይገባኛል ጥያቄዎቹን ግልጽነት የጎደላቸው ናቸው ሲል ውድቅ አደረገ።

ይህ መመዘኛ ጠበቀ የሚሉ ወገኖች አሉ። የሙያው ሰው ተስማሚውን ስልት ራሱ መምረጥ ይችላል፤ ዝርዝር በበዛ ቁጥርም ተወዳዳሪ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ይሰፋል ይላሉ። ሥጋቱ መሠረት የለሽ አይደለም። ነገር ግን ስልቶቹ የተለያየ ውጤት በሚሰጡበት ጊዜ ምርጫውን ለአንባቢ መተው፣ ባለመብቱ ክርክር ከተነሣ በኋላ የሚበጀውን ስልት እንዲመርጥ መፍቀድ ይሆናል። የዚህ ዕዳ የሚወድቀው፣ ምርቱ ከድንበሩ ውስጥ ይሁን ውጭ አስቀድሞ ማወቅ በማይችለው አነስተኛ አምራች ላይ ነው።

መድኃኒቱ ያለው በተመራማሪው መዝገብ ውስጥ ነው። የሙከራው ስልት፣ የውኃው ሙቀት፣ የመሳቢያው ፍጥነትና የናሙናው ዕድሜ ከላቦራቶሪ መዝገብ ወደ ፓተንቱ መግለጫ ሊሸጋገሩ ይገባል። ማመልከቻው ከገባ በኋላ አዲስ ነገር መጨመር ስለማይፈቀድ፣ በመጀመሪያው ቀን የተዘለለ አንድ መስመር የዓመታትን ድካም ከንቱ ሊያስቀር ይችላል።