ላፕቶፕ ከመግዛትህ በፊት ዋይፋዩን ፈትን

በአዳማ የምትማርም ሆነ ከባቱ የመጣህ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ፥ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተህ ሊኑክስን ልትጭንበት ያሰብህ እንደ ሆነ አንድ ምክር ስማ። በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ስም አይተህ ብቻ አትርካ፤ በውስጡ ያለው የዋይፋይ ካርድ የማን ሥራ እንደ ሆነ ጠይቅ።

ኢንቴል ለሚሠራቸው ካርዶች ድራይቨሩ ከሊኑክስ ጋር አብሮ ይመጣል። ብዙ የቆዩ የብሮድኮም ካርዶች ግን ለብቻው የሚጫን ድራይቨር ይፈልጋሉ። ይህን ለማውረድ ኢንተርኔት ያሻል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ያለ ድራይቨሩ አይገኝም! ቁልፉን በሣጥኑ ውስጥ ትቶ እንደ መቆለፍ ነው።

ስለዚህ ኡቡንቱን በፍላሽ ይዘህ ሂድ። ባለሱቁን አስፈቅደህ፥ ሳትጭነው ከፍላሹ አስነሣና ከስልክህ ሆትስፖት ጋር አገናኘው። ከሠራ ክፈል።

ካርዱን መለወጥ ግድ የሆነብህ እንደ ሆነም ቁጥሩን ልብ በል። የኢንቴል ኤኤክስ 200 የኤም.2 ዋይፋይ ማስገቢያ ላላቸው ለብዙዎቹ ላፕቶፖች ይስማማል፤ ኤኤክስ 201 ግን ከተወሰኑ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጋር ብቻ ይሠራል። ባለሱቁ «ሁለቱም አንድ ናቸው» ቢልህ አትቀበል፤ ባቱ ከደረስህ በኋላ ለመመለስ የምትከፍለው የአውቶቡስ ሒሳብ ከራስህ ኪስ ነውና።