ሁለቱ ቈጠራዎች

ቅኔ ቤት የገባ ሰው ቈጠራ ማለት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ተማሪው ከመምህሩ ምሥጢሩን ሰምቶ፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቃልን ከቃል እያስማማ ቤት ሲመታ «ቅኔ ይቈጥራል» ይባላል። ዛሬ ግን በከተማ ሌላ ቈጠራ ተነሥቷል። ይህኛው ቃሉን አይመረምርም። ዘፈኑን ስንት ሰው እንደ ሰማው፣ ስንት ጊዜም እንደ ተደገመ በመሣሪያ ይቈጥርና «እጅግ ታዋቂዎቹ ዘፈኖች እነዚህ ናቸው» ብሎ ተራ ያወጣላቸዋል። የቶኪዮ ጩኸተኛ የጊታር ጓድም፣ የአራዳ ትዝታም በዚሁ በአንድ ሚዛን ይሰፈራሉ። የፊተኛው ቈጠራ ደራሲን ይወልዳል፤ የኋለኛው ደራሲን ይቀብራል።

ይህን መናገር የከተማውን ዘፈን ሁሉ መንቀፍ አይደለም። ከካህናት ወገን «የፒያሳ ዘፈን ከንቱ ነው» ብለው በአንድ ቃል የሚያልፉት አሉ፤ ነገር ግን ሳይመረምሩ ይፈርዳሉ። ስለ ምን ቢሉ፣ ሰምና ወርቅ ከቅኔ ማኅሌት ወጥቶ በዘፈን ውስጥ አድሯልና ነው። የክቡር ዶክተር ጥላሁን ገሠሠ «አልቻልኩም» ላይ ላዩን የፍቅር ስሞታ ነው፤ ሕዝቡ ግን ከሰሙ በታች የአገዛዝን ምሬት ወርቅ አድርጎ ሰማው። እርሳቸውም የክብር ዘበኛ ዘፋኝ ነበሩና ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ ታስረው ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ባረፉ ጊዜም ሥርዐተ ቀብራቸው የተፈጸመው በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ቤተ ክርስቲያን አፈሯን ያልነፈገችውን ሰው ካህን በአንደበቱ ሊያቀልለው አይገባም።

አራዳ ደግሞ የሁለቱም ቃል ጎረቤት ሆኖ የኖረ ሰፈር ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ቅኔ ሲቀርብ፣ ከዚያው በቅርብ ርቀት በሀገር ፍቅር ቴአትር ክራርና ማሲንቆ ይሰማ ነበር። የሀገር ፍቅር ማኅበር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የውቤ በረሃ ምሽት፣ የጦር ክፍሎቹም ኦርኬስትራዎች ዘፈኑን አበዙት። ሸክላ የማሳተም መብት ለዚሁ ማኅበር ብቻ የተሰጠ ሳለ፣ አቶ አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ደፍረው የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተሙ። እስከ 1975 ድረስም 103 ትንንሽና ወደ ዐሥራ ሁለት የሚሆኑ ትልልቅ ሸክላዎች አወጡ። በዚሁ በ1975 የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በካይፋ ሸክላ ታተመ፤ በ1986 በብራሰልስ ከተማ እንደ ገና ወጣ። ከ1997 ጀምሮም ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ የዚያን ዘመን ዘፈኖች እየሰበሰቡ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ አሳተሙ።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ ባሕር ተሻግሮ የታወቀው የዘፋኙ ስምና ድምፅ ነው። «ግጥሙን የገጠመው፣ ዜማውን ያወጣው ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልስ የሚሰጥ አድማጭ ከስንት አንድ ነው። በክብር ዘበኛ ሣህሌ ደጋጎ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነርሲስ ናልባንዲያን፣ በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተስፋዬ ለማ ምን ያህል እንደ ደከሙ ባለሙያ ያውቃል፤ አደባባዩ ግን አያውቅም። ግጥም ብቻ ጽፈው ለሌላ አፍ የሰጡትማ ከእነዚህም ይልቅ ተሰውረዋል። በቅኔ ቤት ቋንቋ «ዘረፋ» የምስጋና ቃል ነው፤ ከሊቁ ልብ ሞልቶ የፈሰሰ ቅኔ ማለት ነውና። የገበያው ዘረፋ ግን ሰምም ወርቅም የለው፤ እንደ ስሙ ዘረፋ ነው።

«ሕዝብ የወደደውን መቍጠር ምን ነውር አለው?» የሚል ቢኖር፣ የሕዝብ ፍቅር ክቡር መሆኑ አይካድም። ነገር ግን መሣሪያው ፍቅርን አይቈጥርም፤ ድግግሞሽን ይቈጥራል። በየመጠጥ ቤቱና በየታክሲው ሳይወድ የሰማውንም ሰው እንደ ወዳጅ ይቈጥረዋል። ድግግሞሽ የክብር ሚዛን ቢሆን ኖሮ ቅኔ ሁሉ ከተራው መጨረሻ በወደቀ ነበር። ቅኔ አንድ ጊዜ ተነግሮ ያልፋል፤ ለነገው በዓል ሌላ አዲስ ቅኔ ይፈለጋል። ያደረ ቅኔ ይዞ በማኅሌት የቆመ ሰው በሊቃውንት ፊት ያፍራል። ሺህ ጊዜ የተደገመ ደካማ ግጥምም ደካማነቱ ሺህ ጊዜ ተሰማ እንጂ ጠንካራ አልሆነም።

«የቤተ ክርስቲያን ድርሰትስ ብዙው ደራሲው የማይታወቅ አይደለምን?» የሚልም አለ። ይህ ከሁሉ የበረታ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን አለ። መነኵሴው ስለ ትሕትና ስሙን ራሱ ሰወረ፤ የዘፈኑን ገጣሚ ስም ግን ሌላው ሰው ሰወረበት። የራስን ገንዘብ ለድኻ መስጠት ምጽዋት ነው፤ የሌላውን ኪስ መፍታት ግን ስርቆት ነው፤ ምንም እንኳ በሁለቱም ባለገንዘቡ ባዶ እጁን ቢቀር። ተማሪም የመምህሩን ቅኔ ተቀብሎ በማኅሌት ቢያሰማ፣ የማን እንደ ሆነ ጉባኤው ያውቃል፤ ምስጋናውም ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። ዘፋኝ የሌላ ሰው ግጥም መዝፈኑ ነውር አይደለም። ነውሩ ባለቤቱን አለመጥራት ነው።

ሕጉም ከዚህ ወገን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ ደራሲነቱ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል፤ አዋጁም በቍጥር 872/2007 ተሻሽሏል። እንግዲህ የጎደለው ሕግ ሳይሆን ልማድ ነው። የራዲዮ ተናጋሪ ዘፈን ሲያስተዋውቅ ከዘፋኙ ስም ጋር የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም ቢጨምር የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው። ያን አንድ ትንፋሽ የነፈገ፣ የሰውን ዕድሜ ሙሉ ድካም ነፍጓል።

ለዚህ ሥራ ምሳሌ ከሩቅ አይፈለግም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. «መጽሐፈ ቅኔ» በሚል መጽሐፍ የቀደሙትንም የኋለኞቹንም ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው አሳተሙ። የትኛው ቅኔ በብዙ አፍ እንደ ተደገመ ቈጥረው አልነበረም፤ ቃሉ ከነባለቤቱ እንዳይጠፋ አስበው ነው እንጂ። ለከተማውም ዘፈን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያስፈልገዋል፤ ግጥሙ ከነገጣሚው፣ ዜማው ከነደራሲው፣ ከነዘመኑ የተጻፈበት። የውጭ አገር ሰው ሸክላውን ፈልጎ ሲሰበስብ የአገሩ ልጅ ስሙን እንኳ መሰብሰብ ቢያቅተው፣ ከዚህ የበለጠ ዕዳ የለም።

ጊዜውም አይጠብቅም። አቶ አምሃ እሸቴም ዓለማየሁ እሸቴም በአንድ ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የፒያሳ ሠፈሮች ፈረሱ፤ እነዚያ ዘፈኖች ሲሰሙ ያደሩባቸው ቤቶችም፣ «ይህን ግጥም የጻፈው እገሌ ነው» ብለው የሚመሰክሩ ጎረቤቶችም ተበተኑ። ቤት ቢፈርስ ቤት ይሠራል፤ ምስክር ከሞተ ግን ማን ይተካዋል? ስለዚህ ማንበብና መጻፍ የተማረ የአራዳ ልጅ ሁሉ፣ ዲያቆንም ቢሆን ጸሓፊም ቢሆን፣ በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎች እየዞረ ይጠይቅ፤ የነገሩትንም ይጻፍ። ስንት ሰው እንደ ሰማ መሣሪያው ይቍጠር። ማን እንደ ጻፈ ግን ሰው ይቍጠር።