ኮሌክሽን ሲደውል ከመክፈል በፊት መጠየቅ

አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ ስሜን ካጣራ በኋላ 640 ዶላር የሆስፒታል ዕዳ እንዳለብኝና ዛሬውኑ ካልከፈልኩ «ጉዳዩ ወደ ሕግ እንደሚሄድ» ነገረኝ። ሕግ ሲል ዓይኔ ላይ የመጣው ፖሊስ ነበር። ባልደረቦቼ እንዳይሰሙ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የካርዴን ቁጥር ሰጠሁት። ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤዎቼን ሳገላብጥ ኢንሹራንሴ ያንን ሂሳብ ቀድሞ ከፍሎት ኖሯል። ገንዘቤን ለማስመለስ ወራት ፈጀብኝ።

ያስከፈለኝ ይሉኝታዬ ነው። እኛ ዘንድ ባለዕዳ መባል ያሳፍራል። አበዳሪው ጎረቤት ወይም ዘመድ በሆነበት አገር ስላደግን፣ «አለብህ» ስንባል ከመጠየቅ ይልቅ ማፈር ይቀድመናል። እዚህ የሚደውለው ግን ብዙ ጊዜ ያበደረን ሰው አይደለም። ዕዳውን በርካሽ የገዛ ወይም በኮሚሽን የሚሠራ ድርጅት ነው። በእጁ ያለው መረጃም የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለእነዚህ ድርጅቶች ልጓም አበጅቶላቸዋል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትም ሆነ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መደወል አይችሉም። መሳደብ፣ «እናሳስርሃለን» ብሎ ማስፈራራት፣ ዕዳችንን ለዘመድ ወይም ለጓደኛ መንገር ክልክል ነው። ሥራ ቦታ መደወል እንደማይፈቀድልን ከነገርናቸውም ማቆም አለባቸው። የክሬዲት ካርድ ወይም የሆስፒታል ዕዳ መክፈል አለመቻል ወንጀል አይደለም። ግሪን ካርዳችሁን እናስነጥቃለን የሚል ደዋይ ካጋጠማችሁ ሕግ የጣሰው እሱ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው መብት ግን የመጠየቅ መብት ነው። ድርጅቱ መጀመሪያ ባነጋገረን በ5 ቀን ውስጥ ዕዳው ስንት እንደሆነና የማን እንደሆነ የሚገልጽ ማስታወቂያ መስጠት አለበት። ማስታወቂያው ከደረሰን በኋላ በ30 ቀን ውስጥ «ይህን ዕዳ አልቀበልም፣ ማስረጃ አምጡ» ብለን በጽሑፍ ከጠየቅን፣ ማስረጃውን እስኪልክ ድረስ ማስከፈሉን ማቆም ግዴታው ነው። ስለዚህ በስልክ ላይ ካርድም፣ የባንክ ሂሳብም፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም አትስጡ። በጊፍት ካርድ ክፈሉ የሚል ከመጣ ደግሞ ሌባ ነው፤ ስልኩን ዝጉት።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ዕዳ ለፍርድ ቤት የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ አለው፤ ገደቡ እንደየስቴቱ ይለያያል። በብዙ ስቴቶች «ለጊዜው 20 ዶላር ብቻ ክፈል» የሚለውን ልመና መቀበል ያለቀውን ጊዜ እንደ አዲስ ሊያስጀምረው ይችላል። ሁለተኛ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ዝም አይባልም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ አይሠራም። በቀጠሮው መልስ ያልሰጠ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል፤ ከዚያ በኋላ ከደመወዙ ሊቆረጥ ይችላል።

የሰው ገንዘብ ይካድ እያልኩ አይደለም። የተበደርነውን እንክፈል፤ ያልተበደርነውን ግን በፍርሃት አንክፈል። ሕጉን የጣሰ ድርጅት ካለ ለስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማመልከት፣ በአንድ ዓመት ውስጥም መክሰስ ይቻላል። የገቢ አቅማቸው ዝቅ ላለ ሰዎች በነፃ የሚሟገቱ የሕግ ቢሮዎችም በየከተማው አሉ።

እንግሊዝኛው የቀለለን ተማሪዎችና ባለሙያዎች ደግሞ አንድ ሥራ አለብን። ቤት ውስጥ ፖስታ ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ የሚከቱ እናትና አባት፣ ወይም አጎት አይጠፉም። በዚህ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ቁጭ ብለን ያንን መሳቢያ አብረን እንክፈተው። 30 ቀኑ እየቆጠረ ሊሆን ይችላል።