የአያቶች ትውስታና የኅብረተሰብ ትምህርት

በምዕራብ ጎጃም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በተፈጠረው የፀጥታ ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ወደ ክፍል የተመለሱ ተማሪዎች ያመለጣቸውን ለማካካስ ሲጣደፉ፣ የኅብረተሰብ ትምህርት ከሰሌዳ ተገልብጦ የሚሸመደድ ማስታወሻ ብቻ ሆኖ የመቅረቱ ስጋት ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ለዚህ ትምህርት ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገጠር የተሻለ ቤተ ሙከራ አይገኝም።

ለአብነት በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ያስነሣው ዐመፅ ይጠቀሳል። መሬቱ በቀላድ ይለካል፣ ርስቱም ይነጠቃል ብሎ የሰጋው የጎጃም ገበሬ እምቢ አለ፤ መንግሥትም እግረኛ ጦርና አውሮፕላን አዘመተ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣን ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ያን ጊዜ ልጅ የነበሩ አዛውንት ዛሬም በየቀበሌው አሉ።

መምህሩ ተማሪዎቹን ለየብቻ ሁለት አዛውንት እንዲጠይቁ ቢያዝዝ፣ የሚመጣው መልስ አንድ አይሆንም። አንዱ ግብሩን፣ ሌላው ቀላዱን ምክንያት ያደርጋል። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ክፍሉ ይከራከር። ቀጥሎም ተማሪው የወላጆቹን የመሬት ይዞታ ደብተር ተመልክቶ፣ የጥንቱ ርስት ከዛሬው ይዞታ በምን እንደሚለይ ይጠይቅ። የቡሬ በርበሬ ከማሳ እስከ ገበያ የሚያደርገው ጉዞም ካርታ ለማንበብና ዋጋ ለማስላት ይበቃል።

በእርግጥ የተጨናነቀ ክፍል ይህን ሁሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ አይችለውም፤ ስለ ዐመፅ መጠየቅም በዚህ ወቅት ጥንቃቄ ይሻል። ስለዚህ ጥያቄው ለቤት ሥራ ተሰጥቶ ክፍለ ጊዜው ለክርክሩ ቢውል ይመረጣል። ከደብተርና ከእርሳስ በቀር ሌላ ወጪ የለበትም።