መዶሻ የሚወርሱ ልጆች

ስለ ፎገራ ሜዳ ሲነገር አፈሩ እንጂ ድንጋዩ አይነሣም። ርብና ጉማራ ከደጋው እየጠረጉ ያወረዱት ጥቁር አፈር ከወረታ እስከ ጣና ዳር ተነጥፏል፤ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ዛሬም ሩዝ የሚታፈስበት አገር ሆኗል። ይሁን እንጂ የዚህ ሜዳ ጤፍና ዳጉሳ እንጀራ ከመሆኑ አስቀድሞ በድንጋይ ላይ ማለፍ ነበረበት። ድንጋዩ ደግሞ የሚገኘው በዙሪያው ካሉት ኮረብታዎች ስለ ሆነ፤ አፈር የጠገበው ገበሬ ያለ ድንጋይ ጠራቢው አይሆንለትም ነበር።

በባሕር ማዶ ለወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚሆን ድንጋይ የሚጠርብ ቤት ብዙ ጊዜ የአያቱን ስም በበሩ ላይ ይጽፋል። ደንበኛውም «ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የመጣ ነው» ብሎ በዚያ ስም ይተማመናል። አንባቢ ሆይ፥ በእኛስ አገር? የእናቶቻችን የድንጋይ ጠረጴዛ ወፍጮ ነበር፤ የጠራቢውን ስም ግን ማንም አልጻፈበትም።

ለወፍጮ የሚሆነው ድንጋይ እንዲያው የተገኘው አይደለም። እጅግ የለሰለሰ እንደ ሆነ እህሉ ያንሸራትተዋል፤ የሚፈረፈር እንደ ሆነ ዱቄቱን አሸዋ ያደርገዋል። ስለዚህ ጠራቢው ጠንካራ ሆኖ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለበትን ጥቁር ድንጋይ ይመርጣል፤ ቀዳዳዎቹ እህሉን ይዘው ይሰብሩታልና። ከዚያም በመዶሻና በመሮ ፊቱን ያስተካክላል፤ በእጅ የሚያዘውንም መጅ ያወጣል። ወፍጮው በጭቃ መደብ ላይ ወደ ፊት ዘመም ብሎ ይቀመጣል፤ ዱቄቱም ወደ ታች ይወርዳል። ፊቱ ሲለሰልስ እንደ ገና ይወቀራል። ድንጋዩን መታ አድርጎ በድምፁ ብቻ ስንጥቅ ያለበትን ከደኅናው መለየት ከአባት ጎን ተቀምጦ በዓመታት የሚገኝ ትምህርት ነው።

ግንበኛነትም እንዲሁ ነበር። ከወረታ ወደ ጎንደር ሲሄዱ በእንፍራዝ አጠገብ የሚታየው የጉዛራ ግንብ የዐፄ ሠርፀ ድንግል መሆኑ ይነገራል፤ በዐባይ ላይ ያለው የአላታ ድልድይ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1626 እ.ኤ.አ. ተሠራ፤ ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ቆረቆሩ። የነገሥታቱን ስም ተማሪ ሁሉ ለፈተና ያጠናዋል። ድንጋዩን የጠረበውን ግን ማን ጠየቀ? የታሪክ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ከጎንደር ግንበኞች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ከነገሥታቱ ጋር ባደረጉት ጦርነት ተሸንፈው ርስታቸውን ካጡ በኋላ፤ አንጥረኛነት፥ ሸክላ ሥራና ግንበኛነት መተዳደሪያቸው ሆነ። ገበሬው ለልጁ ርስት ሲያወርስ እነርሱ መዶሻ አወረሱ። ቤተ መንግሥቱ አንዳንዶቹን በማዕርግ ቢያከብርም፤ ጎረቤት ግን «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር። ግንቡ ሲደነቅ ግንበኛው ይፈራ ነበር! በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩት ወደ እስራኤል ሲሄዱ፤ ብዙ የእጅ ዕውቀት አብሮ ሄደ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ክፉ ልማድ በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ የነቀፈው ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን የሚሰድበውን ብቻ አልነበረም፤ ጽሕፈት ዐዋቂውን «ጠንቋይ» የሚለውንም ጭምር ነው። በመሥሪያ ቤት ብዕር ይዘህ የተቀመጥህ ወንድሜ፥ ይህን ልብ በል! ያ ስድብ ከአንተ ላይ ተነሥቷል፤ ከጠራቢው ላይ ግን ገና ፈጽሞ አልወረደም።

ተማሪዎቼን የአባታችሁን ሥራ ጻፉ ባልሁ ጊዜ፤ አባቱ ድንጋይ እየጠረበ የሚያስተምረው አንድ ልጅ «ገበሬ» ብሎ ጻፈ። ለብቻው ስጠይቀው «ይሥቁብኛል» አለኝ። ይህ ልጅ ማዕዘን በመለካት ከክፍሉ ሁሉ ይበልጣል፤ ከማን እንደ ተማረው መናገር ግን አፈረ። በከተማም ሣቁ ያው ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት የኮሌጅ ምሩቃን ከኮብልስቶን ጠራቢዎች ጋር በተሰለፉ ጊዜ፤ ስንቱ አላገጠባቸው!

የሞተር ወፍጮ የእጁን ወፍጮ ከብዙ ቤት አስወጥቶታል፤ እናቶችን ከድካም ስላሳረፈም ደስ ይለናል። ይሁን እንጂ ድንጋይ መልኩን ለውጦ ወደ ወጥ ቤት ተመልሷል። ከቤንሻንጉል ዳለቲ የሚወጣው እብነ በረድ ዛሬ በመኪና ተቆርጦና ተወልውሎ ለግንባታ ይውላል። ይህ ሥራ በበሩ ላይ የአያት ስም የሚጻፍበት የቤተ ሰብ ሥራ እንዲሆን ከተፈለገ፤ ገንዘብና መኪና ብቻ አይበቃም። የአባቱን ሙያ በሙሉ አፉ የሚጠራ ልጅ ያስፈልጋል። እኛ የተማርን ነን ባዮች ካልሣቅን፤ እርሱ አያፍርም።